ኩዌንካ የምትረክሰው ለማን ነው?

ጡረታ የተቃረቡ አሜሪካውያን ደጋግመው የሚያነሷት አንዲት የደቡብ አሜሪካ ከተማ አለች። ኩዌንካ ትባላለች። በኢኳዶር ደቡብ፣ በአንዲስ ተራሮች መካከል ትገኛለች። ከኪቶና ከጉዋያኪል ቀጥላ የአገሪቱ ሦስተኛ ትልቅ ከተማ ናት። ከነዙሪያዋ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ይኖርባታል። ከ2009 ገደማ ጀምሮ ስለ ጡረታ ኑሮ የሚጽፉ የአሜሪካ መጽሔቶች ሲያሞግሷት ቆይተዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ወሬውን ሰምተው ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄደዋል።

አሜሪካ ያለው የሐበሻ ማኅበረሰብም ዕድሜው እየገፋ ነው። በ1980ዎቹ በስደት ገብተው ታክሲ ሲነዱ፣ ፓርኪንግ ሲሠሩ፣ አረጋውያን ሲያስታምሙ የኖሩ ሰዎች አሁን ተራው የእነሱ ሆኗል። ኪራዩ እየናረ፣ ጡረታው ባለበት እየረገጠ ነው። አገር ቤት መመለስ ደግሞ ለሁሉም አልሆነለትም። «በወር 1,500 ዶላር ተንደላቆ ይኖራል» የሚል ወሬ ሲሰሙ ልባቸው ቢነሳ አይገርምም።

የኪራይና የምግብ ዋጋ የሚዘረዝር ጽሑፍ ሞልቷል። ዋጋው ለምን እንዲህ ሆነ የሚለው ግን ይዘለላል። ለእኔ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው። ያን ያልተረዳ ሰው በቪዛውም፣ በገንዘቡም፣ ከጎረቤቱ ጋር ባለው ኑሮም ይሳሳታል።

ዶላሩ ከየት መጣ

ኢኳዶር የምትገበያየው በአሜሪካ ዶላር ነው። ድሮ ሱክሬ የሚባል የራሷ ገንዘብ ነበራት። በ1990ዎቹ መጨረሻ የነዳጅ ዋጋ ወደቀ። በኤል ኒኞ ምክንያት የመጣው ጎርፍ የባሕር ዳርቻውን እርሻ አወደመ። ባንኮች ተራ በተራ ተንኮታኮቱ። በማርች 1999 መንግሥት ባንኮችን ሁሉ ዘጋ። ሲከፈቱ አብዛኛው የሕዝብ ቁጠባ ታግዶ ነበር። ሰው የገዛ ገንዘቡን ማውጣት አልቻለም።

በጃንዋሪ 2000 ፕሬዚዳንት ሀሚል ማዋድ ዶላር የአገሪቱ መገበያያ እንዲሆን ወሰኑ። አንድ ዶላር 25 ሺህ ሱክሬ ነው ተባለ። ፕሬዚዳንቱ በዚያው ወር ከሥልጣን ተባረሩ፤ ዶላሩ ግን እስከ ዛሬ አለ። ከአንድ ዓመት በፊት አንድ ዶላር 7 ሺህ ሱክሬ ገደማ ነበር። እንግዲህ ይሰላ። በ1999 መጀመሪያ 7 ሚሊዮን ሱክሬ ባንክ ያስቀመጠ ሰው የ1,000 ዶላር ባለቤት ነበር። ገንዘቡ ሲለወጥለት 280 ዶላር ሆነ። ዕድሜ ልካቸውን ያጠራቀሙ አስተማሪዎችና ነጋዴዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ባዶ እጃቸውን ቀሩ።

ዛሬ ለውጭ አገር ጡረተኛ ምቾት የሆነው ዶላር በዚህ መንገድ የመጣ ነው። ጡረታው በዶላር ይገባል፤ ኪራዩ በዶላር ይከፈላል። የምንዛሪ ጭንቀት የለም። ብር ሲወድቅ ያየ ሰው ይህ ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ ይገባዋል።

ዶላሩ የአሜሪካ ቢሆንም የአገሬው ደመወዝ ግን የአሜሪካ አልሆነም። በ2025 በሕግ የተቀመጠው ዝቅተኛ የወር ደመወዝ 470 ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት አሜሪካዊ ጡረተኛ ሶሻል ሴኩሪቲ ከሚባለው የመንግሥት ጡረታ በአማካይ በወር የሚያገኘው ወደ 2,000 ዶላር ይጠጋ ነበር። ሁለቱ ሰዎች አንድ ገበያ ገብተው ከአንዲት ሴት ቲማቲም ይገዛሉ። የአንደኛው ገቢ የሌላኛው አራት እጥፍ ገደማ ነው። የኩዌንካ ርካሽነት የሚባለው ይኸው ልዩነት ነው። ገቢው ከውጭ ለሚመጣለት ትረክሳለች። እዚያው ሠርቶ ለሚበላው ውድ ከተማ ናት። ኢኳዶራውያን ራሳቸው ስለ ኩዌንካ ሲያወሩ ከአገሪቱ ውድ ከተሞች አንዷ አድርገው ነው የሚያነሷት።

ልጆቿ ኒውዮርክ ያሉባት ከተማ

ውድነቱን ያመጡት ፈረንጆቹ ናቸው ብሎ መደምደም ግን ልክ አይሆንም። ከእነሱ በፊት የገባ ሌላ ገንዘብ አለ።

ዓለም የፓናማ ባርኔጣ የሚለው የሣር ባርኔጣ የሚሠራው ኢኳዶር ውስጥ ነው። ኩዌንካና ዙሪያዋ ያሉት የአዙዋይና የካኛር ገጠሮች በዚህ ሙያ ይተዳደሩ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገበያው ሲወድቅ ወጣቶች ወደ ኒውዮርክ መሄድ ጀመሩ። ከ1999ኙ ውድቀት በኋላ ደግሞ በገፍ ወጡ። ብዙዎች ወደ ስፔንና ወደ ጣሊያን፣ ሌሎች በደላላ በመካከለኛው አሜሪካ በኩል ወደ አሜሪካ ሄዱ። ቤተሰብ ደላላውን ለመክፈል መሬቱን ያሲዛል። ልጁ ደርሶ ዕዳውን እስኪከፍል ዓመታት ያልፋሉ። ታሪኩ ለእኛ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከኩዌንካ ወጣ ብለው ወደ መንደሮቹ ሲሄዱ ባለ ሦስት ፎቅ ቤቶች ይታያሉ። በኒውዮርክ ገንዘብ የተሠሩ ናቸው። ብዙዎቹ ውስጥ የሚኖር የለም፤ ወይም አያት ከልጅ ልጆች ጋር ብቻቸውን ናቸው። በ2024 ከውጭ ያሉ ኢኳዶራውያን ወደ አገራቸው የላኩት ገንዘብ ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ኩዌንካ ያለችበት የአዙዋይ ክፍለ ሀገር ድርሻ ትልቅ ነው። የኩዌንካን የመሬትና የቤት ዋጋ መጀመሪያ ያስወደደው ይህ ገንዘብ ነው። አሜሪካውያኑ የመጡት ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ፣ በዚህ ላይ ተደርበው ነው።

ይህን ማወቅ ለአዲስ ነዋሪ ትልቅ ጥቅም አለው። ታክሲ ነጂው የኒውዮርኳን ኩዊንስ ከእርስዎ በላይ ሊያውቃት ይችላል። አትክልት የምትሸጠው እናት ልጇን ካየች ዓመታት አልፈው ይሆናል። ልጇ ወረቀት ስለሌለው ቢመጣ መመለሻ የለውም። እርስዎ ደግሞ አሜሪካን ትተው የእሷ ከተማ ገብተዋል። ይህን ሳይረዱ «እናንተ አገር ኑሮ እንዴት ርካሽ ነው» ማለት ሰውን ያስቀይማል።

ፓስፖርቱና ወረቀቱ

ኢኳዶር በ2008 አዲስ ሕገ መንግሥት አጸደቀች። አንቀጽ 40 ማንም ሰው በስደት ሁኔታው ምክንያት «ሕገ ወጥ» ተብሎ አይጠራም ይላል። በዚያው ዓመት አገሪቱ ከየትም አገር ለሚመጣ ሰው ቪዛ አንሥታ ነበር። በሴፕቴምበር 2010 ግን ለዘጠኝ አገሮች መልሳ ዘጋችው። ኢትዮጵያና ኤርትራ ከዘጠኙ መካከል ናቸው። ሶማሊያና ኬንያም እንዲሁ። የተሰጠው ምክንያት አገሪቱ ለሰው አዘዋዋሪዎች መሸጋገሪያ ሆናለች የሚል ነው። ስለዚህ ነገሩ በያዙት ፓስፖርት ይወሰናል። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ሐበሻ ያለ ቪዛ ገብቶ 90 ቀን መቆየት ይችላል። ወንድሙ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከያዘ አብሮት አይሳፈርም። ቀድሞ ቪዛ ማግኘት አለበት።

ለመኖር ደግሞ የመኖሪያ ቪዛ ያስፈልጋል። ጡረተኛ በጡረታው ያመለክታል። ሌላ ቋሚ ገቢ ያለው በዚያ ገቢ፣ ገንዘብ የሚያፈስስ ባለሀብት በኢንቨስትመንቱ፣ ዲግሪ ያለው በሙያው ማመልከት ይችላል። ለጡረተኛው የሚጠየቀው የወር ገቢ የዝቅተኛው ደመወዝ ሦስት እጥፍ ነው። በ2025 ይህ 1,410 ዶላር ነበር። ለባለሀብቱ መቶ እጥፍ፣ ማለትም በ2025 47 ሺህ ዶላር፣ በቤት ወይም በባንክ ተቀማጭ ነው። መንግሥት በየዓመቱ ደመወዙን ከፍ ሲያደርግ የቪዛው መስፈርትም አብሮ ይወጣል። የድሮ ጽሑፍ አንብቦ «800 ዶላር ይበቃል» ብሎ የሚሄድ ሰው አሁንም አለ። ያ የቆየ ሕግ ነው።

የመጀመሪያው ቪዛ ለሁለት ዓመት ነው። ሃያ አንድ ወር ሲሞላ ወደ ቋሚ መኖሪያ ለመሸጋገር ማመልከት ይቻላል። ቪዛው ሲወጣ ሴዱላ የሚባለው መታወቂያ ይከተላል። ያለ ሴዱላ የባንክ ሂሳብ መክፈትም፣ የስልክ ውል መፈረምም አስቸጋሪ ነው።

አሜሪካ ለኖረ ሰው የወንጀል ነፃ ማስረጃው ከኤፍ ቢ አይ መምጣት አለበት። ከዚያ አፖስቲል የሚባለው ዓለም አቀፍ ማረጋገጫ ይመታበታል። ቀጥሎ ወደ ስፓኒሽ ይተረጎማል። ማስረጃው ጊዜ አለው፤ ካለፈ እንደገና ከዜሮ ነው።

ለሐበሻ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ፤ ስሙ። በኢኳዶር ማንኛውም ሰው ሁለት የቤተሰብ ስም አለው፤ አንድ ከአባት፣ አንድ ከእናት። ቅጹም በዚያ ልክ የተሠራ ነው። የእኛ ሰው የአባቱንና የአያቱን ስም ይዞ ይቀርባል። ባልና ሚስቱ የተለያየ ስም አላቸው። ልጆቹ የአባታቸውን መጠሪያ ይዘዋል። በዚያ ላይ አንዱ ወረቀት ላይ አያት ተዘልሏል፤ ሌላው ላይ አንድ ፊደል ተቀይሯል። የመዝገብ ሠራተኛ ፊደል በፊደል ነው የሚያመሳክረው። ወረቀቱ ከመተርጎሙ በፊት አሜሪካ እያሉ ሁሉንም ሰነድ በአንድ ስም ማስተካከል ብዙ ወር ያተርፋል።

ከሁሉ በፊት አሜሪካ ውስጥ የሚጣራ ነገር

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ላስጠነቅቅ። ብዙ አረጋውያን ወገኖቻችን የሚኖሩት ኤስ ኤስ አይ በሚባለው ድጎማ ነው። ይህ ከሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ የተለየ ነው። ኤስ ኤስ አይ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋዊ የሚሰጥ እርዳታ ነው። ሰውየው ከአሜሪካ ወጥቶ 30 ቀን በተከታታይ ከቆየ ይቆማል። ከአገር ውጭ ሆኖ የሚኖሩበት ገንዘብ አይደለም። ሠርተው ያገኙት የጡረታ ክፍያ ግን አሜሪካዊ ዜጋ ለሆነ ሰው ኢኳዶር ድረስ ይከተላል። ዜግነት ላልወሰደው ሕጉ የጠበቀ ነው፤ ከ6 ወር በላይ ውጭ ሲቆይ ክፍያው ሊቋረጥ ይችላል። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ደግሞ ከአንድ ዓመት በላይ ከወጣ ካርዱንም ሊያጣ ይችላል። እናትና አባትን «አየሩ ይስማማቸዋል» ብሎ ከመላክ በፊት የሚኖሩበት ገንዘብ የትኛው እንደሆነ ይታይ። ደብዳቤውን አውጥቶ ማንበብ በቂ ነው።

ሁለተኛው ሜዲኬር፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና ዋስትና ነው። ሜዲኬር ከአሜሪካ ውጭ ሕክምና አይከፍልም። ፓርት ቢ የሚባለውን ክፍል አቋርጦ ሄዶ በኋላ የሚመለስ ሰው፣ ሳይከፍል ለቆየበት ለእያንዳንዱ ዓመት 10 በመቶ ቅጣት ይጨመርበታል። ቅጣቱ ዕድሜ ልክ ነው። ታክስም ይቀጥላል። አሜሪካዊ ዜጋ የትም ቢኖር በየዓመቱ ገቢውን ማስታወቅ አለበት። ውጭ አገር ባንክ ያለው ገንዘብ በድምሩ ከ10 ሺህ ዶላር ካለፈም ለብቻው ሪፖርት ያደርጋል።

እዚያው ያለው ሕክምና መጥፎ አይደለም። የግል ስፔሻሊስት ሐኪም ለማየት ከ30 እስከ 50 ዶላር ይበቃል። አይ ኢ ኤስ ኤስ ወደሚባለው የመንግሥት ማኅበራዊ ዋስትና በፈቃደኝነት መግባትም ይቻላል። ክፍያው ከተመዘገበው ገቢ 17.6 በመቶ ነው። በዝቅተኛው ደመወዝ ልክ ለተመዘገበ በ2025 በወር ወደ 83 ዶላር ነበር። ግን ለስፔሻሊስት የሚጠበቀው ወረፋ ረጅም ነው፤ መድኃኒትም የሚጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው። አገሬው የሚያማርረው ነገር ስለሆነ እንግዳም ከዚያ የተሻለ አይጠብቅ።

ቁጠባ

ኩዌንካ ውስጥ የቁጠባና ብድር ማኅበራት ብዙ ናቸው። በጊዜ ገደብ ለሚቀመጥ ገንዘብ ከአሜሪካ ባንክ የተሻለ ወለድ ይከፍላሉ። አንዳንድ የውጭ ነዋሪዎች በዚህ ወለድ ይተዳደራሉ። አንድ ነገር ግን ልብ ይባል። የተቀማጭ ዋስትናው በአንድ ባንክ ወይም በአንድ ትልቅ ማኅበር እስከ 32 ሺህ ዶላር ብቻ ነው። የባለሀብት ቪዛ ደግሞ በ2025 47 ሺህ ይጠይቅ ነበር። ያንን ሁሉ አንድ ቦታ ያስቀመጠ ሰው 15 ሺህ ዶላሩ ዋስትና የለውም። በ2013 ኩዌንካ ውስጥ አንድ ማኅበር በመንግሥት ተዘግቶ ቆጣቢዎች ተጉላልተዋል። ከፍ ያለ ወለድ የሚከፈለው ከፍ ላለ ስጋት ነው።

ገንዘብ ማስገባት ቀላል ነው። ማስወጣት ግን ግብር አለው። ከአገር በሚወጣ ገንዘብ ላይ 5 በመቶ ይቆረጣል፤ ነፃ የሚሆኑ ሁኔታዎች ቢኖሩም መነሻው ይህ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ኢኳዶር ዶላር ማተም አትችልም። የገባውን ለማቆየት ትጥራለች።

የዕለት ተዕለቱንም ልንገራችሁ። ባለ 50 እና ባለ 100 ኖት ሱቅ ውስጥ የሚቀበል የለም ማለት ይቻላል። ባለ 20 እንኳን ጠዋት ላይ ዝርዝር የለም ያሰኛል። አሜሪካ ውስጥ ብዙም የማይታየው የአንድ ዶላር ሳንቲም እዚህ የሁሉም ኪስ ውስጥ አለ።

ቤት መከራየት

ዕቃ የሌለው ሁለት መኝታ ቤት አፓርታማ በአገሬው ዋጋ ከ300 እስከ 500 ዶላር ሊገኝ ይችላል። ያው ቤት ዕቃ ገብቶለት፣ በእንግሊዝኛ ማስታወቂያ ሲወጣ ሌላ ዋጋ ነው። ዕቃ የሌለው ሲባል የምር የሌለው ነው። ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ አንዳንዴም የመብራት አምፑል አይኖርም። ሕጉ ለተከራይ ቢያንስ የሁለት ዓመት የመቆየት መብት ይሰጣል። ይህን የሚያውቅ ተከራይ በየዓመቱ «ጨምር ወይም ልቀቅ» አይባልም።

የውጭ ሰው የተጠየቀውን ሳይከራከር ሲከፍል የሚጎዳው ራሱ ብቻ አይደለም። አከራዩ ቀጣዩንም በዚያው ዋጋ ይጠብቃል። አሮጌው ከተማ መሃል ይህ በግልጽ ይታያል። አሮጌው ከተማ ከ1999 ጀምሮ የዩኔስኮ ቅርስ ነው። የድሮ ቤቶቹ ለእንግዳ ሲታደሱ፣ እዚያ ክፍል ተከራይተው ይኖሩ የነበሩ ድሆች ወደ ዳር ይገፋሉ። እዚያ ቤት መፈለግ ነውር አይደለም። የአገሬው ሰው ስንት እንደሚከፍል ጠይቆ በዚያ መደራደር ግን የጎረቤት ግዴታ ይመስለኛል።

ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,550 ሜትር ገደማ ናት፤ አዲስ አበባን ትበልጣለች። ከምድር ወገብ ብዙም ስለማትርቅ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በእኛ 12 ሰዓት አካባቢ ወጥታ 12 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች። ቀን ሞቅ ይላል፣ ማታ ጋቢ ያስፈልጋል። ቤቶቹ ማሞቂያ የላቸውም። የአዲስ አበባን ክረምት የሚያውቅ ሰው አይደነግጥም። ሠላሳ ዓመት ዝቅተኛ ቦታ ላይ የኖረ ግን ደጋ ተወለድኩ ብሎ አይመካ። ልብ ወይም ሳንባ የሚያስቸግረው ሰው ሐኪሙን ያማክር።

የማብሰያ ጋዝ በ15 ኪሎ ሲሊንደር ይመጣል። መንግሥት ስለሚደጉመው ቤት ድረስ አምጥተው ከ3 ዶላር ባነሰ ይሰጣሉ። መኪናው በየሰፈሩ እያጮኸ ያልፋል። ውኃው ከቧንቧ የሚጠጣ ነው። ይህ በላቲን አሜሪካ ብርቅ ነው፤ ከዚህ በታች እመለስበታለሁ።

የቤት ሠራተኛ

ርካሽ ኑሮ ሲባል ብዙዎች በመጀመሪያ የሚያስቡት ሠራተኛ መቅጠርን ነው። እዚህ ላይ ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ጥብቅ መሆኑም ደስ ይለኛል። የቤት ሠራተኛ ሙሉ ቀን ከሠራች ከዝቅተኛው ደመወዝ በታች አይከፈላትም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አይ ኢ ኤስ ኤስ ላይ ትመዘገባለች። አሠሪው የዋስትናውን ድርሻ ይከፍላል። በዲሴምበር አሥራ ሦስተኛ ደመወዝ አላት። በተራራማው ክፍል ደግሞ በኦገስት፣ ልጆች ትምህርት ቤት ሊገቡ ሲሉ፣ አሥራ አራተኛ ክፍያ አለ። የዓመት ፈቃድም አላት። በሳምንት አንድ ቀን ለምትመጣም ቢሆን እንደ ሰዓቷ መመዝገብ አለ።

«እዚህ ሁሉም ሳያስመዘግብ ነው የሚቀጥረው» የሚል ምክር ከሌላ የውጭ ነዋሪ መስማት የተለመደ ነው። ያንን ምክር መስማት አያስፈልግም። እህቶቻችን ቤይሩትና ሪያድ ያለ ውል ሲሠሩ ምን እንደደረሰባቸው ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? የወር ደመወዟ ከእርስዎ የስልክና የኢንሹራንስ ወጪ ብዙም በማይበልጥባት ከተማ ሠራተኛን በሙሉ መብቷ መቅጠር ማንንም አያደኸይም። ሳያስመዘግብ የተገኘ አሠሪ ደግሞ በሕግ ይጠየቃል፤ የውጭ አገር ሰው ነኝ ማለት አያድነውም።

ገበያው፣ ምሳው፣ ቋንቋው

ያለ ስፓኒሽ መኖር ይቻላል። ግን ያለ ስፓኒሽ የሚኖር ሰው ከሌሎች ፈረንጆች ጋር በአንድ ካፌ ተወስኖ ይቀራል፤ ሐኪም ቤትና ኖታሪ (ውል አዋዋይ) ዘንድ ሲሄድ አስተርጓሚ ይቀጥራል። በቋንቋው ገበያ መግባት የጀመረ ሰው ግን ከተማዋን ያገኛታል። 10 ደ አጎስቶ የሚባለው ገበያ ከታላቁ ካቴድራል ብዙም አይርቅም። ደንበኛ ከያዙ ምርቃት አለ፤ አንድ ሙዝ፣ አንድ እፍኝ ባቄላ ትጨምራለች። ማክሰኞና ዓርብ እዚያው ገበያ ውስጥ ሴቶች በቅጠል እየመቱ፣ በእንቁላል እያሻሹ ሕፃናትን ከክፉ ዓይን ያጸዳሉ። ቡዳ የሚፈራ አገር ሰው አይደንቀውም።

ምሳ አልሙዌርሶ ይባላል። ሾርባ፣ ሩዝ ከሥጋ ጋር፣ ጭማቂ፤ ከ3 እስከ 4 ዶላር። የተቀቀለ በቆሎ ከሁሉም ነገር ጋር ይቀርባል። ቡና የምታመርት አገር ሆና ብዙ ቤት የሚጠጣው የሚሟሟ ቡና ነው። ጀበና ያለው ይዞ ይሂድ። እንደ ዋሽንግተን የሐበሻ ሰፈርና ሬስቶራንት አይጠበቅ። የእግዜር ሰላምታው ግን የሚያውቁት ነው። ሱቅ ሲገቡ፣ ሊፍት ውስጥ፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ፣ ሰላምታ ሳይሰጡ መቀመጥ ብልግና ነው።

ጸጥታ፣ መብራት፣ ውኃ

የኢኳዶር ዜና ያስፈራል፤ ምክንያትም አለው። በኦገስት 2023 የፕሬዚዳንት ዕጩው ፈርናንዶ ቪያቪሴንሲዮ ተገደሉ። በጃንዋሪ 2024 ታጣቂዎች ጉዋያኪል የሚገኝ ቴሌቪዥን ጣቢያ በቀጥታ ስርጭት ላይ ወረሩ። ኮኬይን የሚጓጓዝባቸው የባሕር ዳርቻ ከተሞች እጅግ ተጎድተዋል። ኩዌንካ ከእነሱ ጋር ስትነጻጸር የተረጋጋች ናት። ሙሉ በሙሉ ውጭ ናት ማለት ግን አይቻልም። ከከተማዋ ደቡብ ቱሪ የሚገኘው እስር ቤት በ2021 እና በ2022 ደም ፈስሶበታል። ወደ ጉዋያኪል የሚሄድ ሰው ደግሞ መንገዱንና ሰዓቱን ይመርጣል።

አገር አቀፍ አድማም አለ። በጁን 2022 ለ18 ቀናት መንገድ ሲዘጋ ኩዌንካ ከሌላው ተቆርጣ ጋዝና ምግብ አጥራ ነበር። ተራራ መሃል ያለች ከተማ መሆኗ የሚሰማው ያኔ ነው።

በ2024 መጨረሻ መብራት በቀን እስከ 14 ሰዓት ይጠፋ ነበር። መብራት መጥፋት ለእኛ አዲስ አይደለም። ምክንያቱ ግን ከተማዋን ለመረዳት ይጠቅማል። በኩዌንካ አራት ወንዞች ያልፋሉ፤ ቶሜባምባ፣ ያኑንካይ፣ ታርኪ እና ማቻንጋራ። አራቱም ተዋህደው ወደ ፓውቴ ወንዝ ይወርዳሉ። ከአገሪቱ ትልልቅ የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዳንዶቹ የተሠሩት በፓውቴ ተፋሰስ ነው። ድርቅ ወንዞቹን ሲያደርቅ ከተማዋ ብቻ ሳትሆን አገሪቱ በሙሉ ጨለመች።

የቧንቧው ውኃ የሚመጣው ከካሃስ ብሔራዊ ፓርክና ከዙሪያው ካለው ውርጫማ ሣር ምድር ነው። ይህ ምድር ዝናቡንና ጭጋጉን መጥጦ ይዞ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ሥሩ ግን ወርቅ አለ። በፌብሩዋሪ 2021 የኩዌንካ ሕዝብ በወንዞቹ መነሻ ላይ ማዕድን እንዳይወጣ በድምፅ ሲወስን ድጋፉ ከ80 በመቶ በላይ ነበር። በሴፕቴምበር 2025 በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ለዚሁ ጉዳይ አደባባይ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ መንግሥት የአንዱን የወርቅ ማዕድን ፕሮጀክት የአካባቢ ፈቃድ ሰረዘ። የኩዌንካ ሰው ስለ ምን እንደሚያስብ ለሚጠይቀኝ ሰው መልሴ ስለ ውኃው ነው። ውኃውን ከቧንቧ የሚጠጣ እንግዳ ይህን ትግል ማወቅ አለበት።

ዕድሜ ሲገፋ

በ65 ዓመቱ ሄዶ አውቶቡስ በግማሽ ዋጋ የሚሳፈር ሰው (ሕጉ ከ65 ዓመት በላይ ላለ ሁሉ ይህን ይሰጣል) በ80 ዓመቱ ሌላ ሰው ነው። ደረጃ መውጣት ያቅተዋል። ስፓኒሽ ካልለመደ ሆስፒታል ውስጥ ብቻውን ይሆናል። ልጆቹ ለመድረስ ወደ ኪቶ ወይም ወደ ጉዋያኪል በረው ከዚያ ወደ ኩዌንካ መጓዝ አለባቸው። ስለዚህ ቤት ከመግዛት በፊት ቢያንስ አንድ የዝናብና አንድ የበጋ ወቅት ተከራይቶ መኖር፣ አሜሪካ ያለውን ቤትም ቶሎ አለመሸጥ የተሻለ ነው። መመለሻ በር ክፍት ይሁን።

ቤት ለሚገዛ ሰው የውርስ ሕጉ ከሁሉ በፊት ይነበብ። በኢኳዶር ሕግ ልጆች ያሉት ሰው ንብረቱን እንደ ፈቀደ መናዘዝ አይችልም። ግማሹ በግዴታ ለልጆቹ እኩል ይደርሳል። ሩቡን ከልጆቹና ከልጅ ልጆቹ መካከል ለፈለገው ይሰጣል። እንደ ልቡ የሚናዘዘው የቀረውን ሩብ ብቻ ነው። አሜሪካ የተጻፈ ኑዛዜ ይህን አይሽረውም። ስለዚህ ኢኳዶር ላለው ንብረት እዚያው፣ በስፓኒሽ፣ ኖታሪ ፊት ሌላ ኑዛዜ ይጻፋል። ሐኪምና ሆስፒታል ላይ በእርሱ ፈንታ የሚወስን ሰውም በውክልና ቀድሞ ይሰየማል። ይህን ሁሉ ልጆች የሚሰሙት አባታቸው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት፣ አብረው ተቀምጠው ቢሆን ይሻላል።